ጯሂዎቹ ሲያንሾካሹኩ

ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዬን አሞኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ያቺን ጠፍጣፋ እንጨት ምላሴ ላይ ጫን አድርጎ «አ… ይበሉ እናቴ» አለኝ። አልኩ። «ጮክ ብለው» አለኝ። ደግሜ አልኩ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ ነው በሹክሹክታ እያልኩ መሆኔን ያወቅሁት። የእንጨቱ ደረቅ ጣዕም፣ አዲስ የተላገ ጣውላ የሚመስለው፣ አፌ ውስጥ እንዳለ ሳቄ መጣና ልጁን አስደነገጥኩት። ምን ልበለው? ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ ይረሳል ወይ ብዬ ልጠይቀው? እኛ ረስተን ነበር። አንድ ጉባኤ ሙሉ፣ አዛውንቱም ሕፃኑም፣ ረስተን ነበር።

ይህን ለመረዳት አያቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አባባ ነበር የምንላቸው። ጅማ ከተማ ዳር ባለ የቡና መፈልፈያ ውስጥ ከጎልማሳነታቸው እስከ ጡረታቸው የማሽን ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነቴ ምሳ ሳደርስላቸው ገና ከበሩ ላይ የገለባው አቧራ አፍንጫዬን ይኮረኩረኝ ነበር። ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርደው ብርሃን በአቧራው ውስጥ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ይምዘገዘጋል፣ መሬቱ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። ሰው ሰውን የሚያነጋግረው ጆሮው ላይ ተጠግቶ ነው። ያ ማሽን የአባባን ጆሮ ቀስ በቀስ ግማሹን ወስዶት ነበር። ቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

ጉባኤያችን የተወለደው እዚያ ነው። በምሳ ሰዓት አባባ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከጆንያ ላይ አንስተው ያነባሉ፤ ከጓሮ የተቀመጡት ቡና ለቃሚ ሴቶች ሰፌዳቸውን ይዘው ይጠጋሉ፤ ጣሪያ ሊጠግን የመጣ አንድ አናጢ አንድ ቀን ሊሰማ ቆመና በዚያው ቀረ። ታዲያ በምሳ ሰዓት ሰው ያርፋል እንጂ ማሽኑ አያርፍም፤ ሌላ ተረኛ ይነዳዋል። ስለዚህ የዘመሩት ሁሉ ከማሽኑ በላይ ነው። ቆይቶ በቾ ቦሬ ሰፈር ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው፣ ሴቶቹ ውኃ ተሸክመው፣ አናጢው ቆርቆሮውን መትቶ የራሳቸውን ጸሎት ቤት ሠሩ። እዚያ የሚያውክ ማሽን አልነበረም፤ ልማዱ ግን አብሯቸው ገባ። ከተማው «ጯሂዎቹ» አለን። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ሰባኪ መዘምራኑ ሲጀምሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲስብ በዓይኔ አይቻለሁ።

አባባ የደረሱት አንድ መዝሙር ነበረን። ሦስቱ ስንኞች ተረጋግተው ይሄዱና አራተኛው ላይ፣ «አወጣኸኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ዜማው ሽቅብ ይወጣል። ያቺን ቦታ ለማሽኑ ነው የሠሯት፤ ሌላው ቢዋጥ እሷ እንዳትዋጥ። በአሥራ አራት ዓመቴ መዘምራን ውስጥ ስገባ ያቺን ከፍታ ሳልደርስባት እንዳልቀር ስንት ሌሊት ጭንቅ ያዘኝ። ስደርስባት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ደስታ በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። ደርግ ጴንጤ የተባለን ሁሉ መጤ ሃይማኖት እያለ የሚያሳድድበት ጊዜ መጣ። አንድ ሐሙስ የቀበሌ ሰዎች ወረቀት ይዘው መጥተው ቁልፍ ጠየቁ። አናጢው ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። አግዳሚዎቹ ተጭነው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ፤ ሁለት ሽማግሌዎቻችንም አብረው ተወሰዱና ሳምንታት ታስረው ወጡ። ባዶውን ጸሎት ቤት በቡና ጆንያ እስከ ጣሪያው ሞሉት። እናቴ በዚያ ስታልፍ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞር ነበር። አባባ ግን ቆም ብለው በመስኮቱ ሽንቁር ወደ ውስጥ ያዩና «ጥሩ ቡና ነው፣ የታጠበ» ይሉ ነበር።

ጉባኤው ስድስት ስድስት፣ ሰባት ሰባት እየሆነ በየቤቱ ተበተነ። የኛ ቡድን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ መሪው አናጢው ነው። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ሁለት ሰው አብሮ አይገባም። አንዷ ወንፊት ልትዋስ የመጣች ትመስላለች፣ ሌላዋ ልታጣጥፍ የያዘችው አንሶላ አለ። ጫማ በር ላይ አይወልቅም፤ ሁሉም በእጁ ይዞ ገብቶ አልጋ ሥር ይደረድራል። መዝሙሩም ጸሎቱም በሹክሹክታ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችን፤ ልጆቿ አድገው ወጥተውላት ብቻዋን ከባሏ ጋር የምትኖር፣ አፏ የማያርፍ፣ ደግ ሴት። ማንም ምንም አልነገራትም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ እኛ ስንጀምር ሙቀጫዋን ወደ መንገዱ በኩል አውጥታ መውቀጥ ትጀምራለች፤ እኛ ስንጨርስ ታቆማለች። በርበሬ ነው፣ በሶ ነው እያልን ብዙ ጊዜ አልፎ አንድ ቀን መንገዱን ልቃኝ ብቅ ስል ሙቀጫው ውስጥ አየሁ። ባዶ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ዘነዘናውን መጣሏን ቀጠለች።

እኛ እንደዚያ ተማርን። አንድ ሰው ግን መማር አልቻለም። ጆሮው የከበደ ሰው ማንሾካሾክ አይችልም፤ የራሱን ድምፅ አይሰማውማ። አባባ መሐላችን ተቀምጠው ከንፈር ከንፈራችንን ያያሉ። መዝሙሩ አይደርሳቸውም። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛ ትንሽ ድምፅ እንከፍታለን፤ ያኔ ደግሞ ዝናቡ ለእሳቸው ይውጠዋል። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን አንገታችን ሲቀና ያዩና «አሜን!» ይላሉ፤ ያ አሜን የመፈልፈያው አሜን ነው። እኔ አጠገባቸው የምቀመጠው ለዚሁ ነበር። ጉልበታቸውን ጫን ሳደርግ ዝቅ በሉ ማለቴ ነው። አንዳንዴ እደርስባቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ይቀድሙኛል።

አንድ ቅዳሜ ቀደሙኝ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳና የአብዮት ጥበቃው ገባ። ስድስታችንንም፣ አልጋ ሥር ያለውንም ጫማ አየ። አናጢው ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ በር ሊለካ እንደመጣ ነገረው። ጥበቃው ሳቀና ይዞት ሄደ። አናጢው በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ጫማው በእጁ ነበር፤ እግሩ አብጦ አልገባ ብሎታል። ማንም አባባን አልወቀሳቸውም። እናቴ ውኃ አሙቃ እግሩን ስታጥብ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ያንን እግር ብቻ ያዩ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ ነጭ መሐረብ አጣጥፈው ይዘው መጡ። ጸሎት ሲጀመር ጥርሳቸው መሐል አደረጉት። እስኪያልቅ ድረስ እንደነከሱት ቆዩና አውጥተው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ማንም የነገራቸው የለም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አሜን ከአፋቸው አልወጣም። ጉባኤውን የመሠረቱት ሰው፣ ያንን ሁሉ ሰው መጮህ ያስተማሩት ሰው፣ መሐረብ ነክሰው የማይሰሙትን መዝሙር ያያሉ። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እግዚአብሔርን ክፉኛ ያኮረፍኩትም ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥበቃውን እንዲህ አልተቀየምኩትም።

እህቴ ሽማግሌ ተልኮላት ሰርጓ ሲቆረጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ቀሚሱም ድግሱም ይቅርብኝ፣ ጉባኤው በሙሉ ይጠራልኝና የአባባን መዝሙር ድምፅ አውጥቶ ይዘምርላቸው፣ ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ይስሙት አለች። እናቴ ፈርታ ነበር። በኋላ ግን ሰርግ ዘፈን አለው፣ ዘፈን ደግሞ ማንም አይከለክልም አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሄደች። ሊቀ መንበሩ ስንት ሰው ነው ሲላት ሁሉም ዘመድ ነው አለችው። አልዋሸችም፣ እርስ በርሳችን ወንድምና እህት ነው የምንባባለው። እሱም እስኪመሽ ዝፈኑ፣ እኔንም ጥሩኝ ብሎ ፈቀደ። ጠራነው፤ ምን ምርጫ አለን?

ጥር ነበር። የቡናው ለቀማ አልቆ የሰው እጅ አርፏል፤ ሰማዩ የጠራ፣ ንፋሱ ከየግቢው የደረቀ የቡና ጀንፈል ሽታ ይዞ የሚመጣበት። ዳሱን አናጢው ራሱ ተከለ። ከደዶ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከቦሳ ኪቶ ሰው መጣ። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤው በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰበ። ነገሩ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነበር። በር ላይ ሲገናኙ ከልማድ የተነሣ እንደማይተዋወቁ ሆነው ይተላለፋሉ፤ ሦስት እርምጃ ሄደው ይመለሱና ይተቃቀፋሉ። ሁለት ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የጎረቤታችን ባል ለብቻ በግ ባርኮላቸው ነበር። ሊቀ መንበሩ ከክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ ዶሮውን ጀምሯል። አባባ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት ናቸው፤ መሐረቡ እጃቸው ላይ አለ።

ከመዘምራኑ የቀረነው አሥራ አንድ ነበርን። ተነሥተን ቆምን። አየር ሳብኩ። አሥራ አንዳችንም አፋችንን ከፈትን፤ የወጣው ሹክሹክታ ነበር።

ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልፈራም፤ ቢያንስ እኔ የፈራሁ አልመሰለኝም። ጉሮሯችን ራሱ ነው እንቢ ያለው። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ፣ የሳህን ድምፅ ከእኛ ይበልጥ ነበር። እንግዶቹ ተያዩ። አባባ እጃቸውን ጆሯቸው ጀርባ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል ብለዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ያህል ተለፍቶ፣ ያን ያህል ፈቃድ ተለምኖ፣ እኛው ራሳችን አፈንነው።

ይኼኔ ከሴቶቹ መሐል ጎረቤታችን ተነሣች።

«ማሎ ኢጆሌ» አለች፤ እባካችሁ ልጆች ማለቷ ነው። «ወላሂ ይሄ ሰርግ ነው ለቅሶ?»

ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አልሳቀችም። እያጨበጨበች ማንጎራጎር ጀመረች። ቃል የለውም፤ ግድግዳ ዜማ እንጂ ቃል አያሳልፍም። ግን ዜማው የኛ ነበር፣ የአባባ መዝሙር። ዓመታት ሙሉ ባዶ ሙቀጫ እየወቀጠች ከላይ እስከ ታች ይዛዋለች።  ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ማለት አለባት ሲባል እህቴ ከወንበሯ ሆና ቀድማን ተቀበለቻት፣ ጮክ ብላ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። ከዚያ አናጢው፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ዳሱ በሙሉ። ሰው እያለቀሰ ሲዘምር ዜማው ይንሻፈፋል፤ ማን ግድ አለው! ጯሂዎቹ ተመለሱ።

አራተኛው ስንኝ ላይ ደርሰን አለፍነው። ሁለተኛ ዙር ልንጀምር ስንል አባባ ተነሥተው እጃቸውን አወጡ። በመፈልፈያው ማሽን ይቁም ሲሉ የሚያወጡት ነው። ጸጥ አልን።

«አይደለም!» አሉ። «እንደዚህ አይደለም!»

መሐረቡን ወንበሩ ላይ ጣሉት። ደረታቸውን ነፍተው ያቺን አንዲት ስንኝ ብቻቸውን ዘመሩ። «አወጣኸኝ» ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ሽቅብ ወጣ፤ ሻካራ ነበር፣ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀም፣ ግን ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ። በሹክሹክታ ከፍታ አይወጣም። እኛ ሳናውቀው በየሳምንቱ ዝቅ ስናደርገው ያ ሽቅብ የሚሄደው ቦታ ሜዳ ሆኗል፤ ጎረቤታችንም ያወቀችው ሜዳውን ነው። በየቤቱ የተማሩት ልጆች ሌላ መኖሩን እንኳ አልሰሙም።

የአባባ ድምፅ ሲያበቃ የሊቀ መንበሩ ጉርሻ አየር ላይ ቆሞ ነበር። የአምላክ ስም ያለበት መዝሙር መሆኑን ዳሱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሁላችንም እሱን አየን። እሱ እናቴን ጠየቃት።

«ሽማግሌው እየመረቁ ነው?»

«አዎ፣ እየመረቁ ነው» አለች እናቴ።

«ታዲያ አሜን በሉ እንጂ!» ብሎ ጉርሻውን ዋጠ።

ያንን አሜን እንዴት ልንገራችሁ? የዳሱ ሸራ የተነሣ መሰለኝ። አናጢው በታመመ እግሩ እየዘለለ ነው ያለው። ሊቀ መንበሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሞቷል፣ አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላ መዝሙሩን እንደገና ጀመርን፣ አራተኛው ላይ ስንደርስ ሁላችንም አባባን ተከትለን ወጣን። ትንንሾቹ ልጆች ሳይቀሩ ደረሱባት።

አባባ የሚቀጥለው ክረምት ሳያልቅ አረፉ። ጸሎት ቤቱ ሲመለስልን አላዩም። ጆንያዎቹ ወጥተው ግድግዳው ለዓመታት ቡና ቡና ይሸት ነበር። አሁን በቦታው ትልቅ አዳራሽ አለ፤ ድምፅ ማጉያው ጎረቤት ያስመርራል፣ እኔንም አንዳንዴ ያስመርረኛል። የጉባኤው ታሪክ በአንዲት ትንሽ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። ያንን ዘመን «ጉባኤው በየቤቱ ቀጠለ» ብላ በአንድ መስመር ታልፈዋለች። ሙቀጫው የለም፣ መሐረቡም የለም። አዘጋጁን ወጣት ተቆጥቼዋለሁ፤ ይቅርታ ብሎ አንቺ ጻፊው አለኝ። ይኸው እየሞከርኩ ነው።

ጽፌ የማልጨርሰው ግን የሰርጉን ማግስት ጠዋት ነው። ዳሱ እየፈረሰ ነበር፤ አናጢው ምሰሶ ይነቅላል፣ ጎረቤታችን የተዋስናትን ድስት ለመውሰድ መጥታ ከእናቴ ጋር ታወራለች። አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ፊታቸው በርከክ አልኩና ከንፈሬን እንዲያዩ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ትናንት ሰሙን?»

 ራሳቸውን ግራ ቀኝ ነቀነቁ።

«አልሰማሁም ልጄ። ድምፅ የሚባል ነገር ከጠፋብኝ ሁለት ክረምት አለፈኝ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ታዲያ መሳሳታችንን በምን አወቁ አልኳቸው። አራተኛው ላይ ስትደርሱ የማናችሁም አገጭ ቀና አላለም አሉኝ። በሁለተኛው ዙር ሁሉም አገጭ ቀና ሲል፣ የልጆቹ የአንገት ሥር ሲገታተር አይተው በቃኝ ብለው ተቀመጡ። ለምን አልነገሩንም ነበር ስላቸው ነግሬሽ ምን ልታደርጊ ነው አሉ። ሦስት ዓመት ያንን መሐረብ ሲነክሱ ግማሹን ምንም ሳይሰሙ ነው የነከሱት፤ የነከሱት ለእኛ ነው። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባቸው። ጎንበስ ብለው፣ ሚስጥር እንደሚጠይቅ ሰው፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው በዚያ ድምፃቸው ጠየቁኝ።

«እኔንስ? እኔን ሰማችሁኝ?»

ምሰሶ የሚነቅለው አናጢ ቆመ። ሴቶቹም ወሬያቸውን አቆሙ። በመንገዱ ማን እንደሚያልፍ ዞር ብዬ አላየሁም።

«ሰማንዎት አባባ!» አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። «ሁላችንም ሰማንዎት!»

አይሰሙኝም። ከንፈሬን አዩና ፈገግ አሉ።